ጉም የወረሰው ጓሮ፦ የክረምት ጉዞ ወደ ወሎ ደጋ

ነሐሴ 10፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ

ስለ መስከረም ብዙ ተጽፏል። ስለ አደይ አበባው፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ለምለሙ መስክ። መስከረምን የሚጠብቅ ሰው ነሐሴ ላይ ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ጓደኛዬ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከጉጉፍቱ ወጣ ብሎ፣ ጓሮ የሚያለማ አጎት አለው። ቤተሰቡ እሳቸውን የሚጠይቀው መስከረም ወይም ጥር ላይ ነው። "አሁን ሄደህ ምን ልታይ? ጭቃ ብቻ ነው" አለኝ። ጭቃውን ነው ማየት የምፈልገው አልኩት። ትንሽ አሰበና አብሮኝ ሊመጣ ወሰነ።

ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። በማለዳ ወጣን። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ነው የሚሄደው። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ተገለጠ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ አጠመቀን። ከሚሴ አካባቢ የጨፋ ሜዳ ውሃ ተኝቶበታል። ቦርከና ደፍርሶ ሞልቷል። ኮምቦልቻ ላይ ጃኬታችንን አወለቅን፤ የሐረጎን ዳገት ስንያያዝ መልሰን ለበስን።

ይቺ ጃኬት የማውለቅና የመልበስ ነገር ወሎን በደንብ ትገልጻለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደሴ 2,500 ገደማ። 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ነገ የምንሄድበት ጓሮ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ በጥቂት ሳምንት የሚደርስ ጎመን እዚያ ላይ ወራት ይፈጃል።

ነሐሴ 11፣ ከደሴ ወደ ተራራው

ጦሳ ተራራ አይታይም። ደሴ ውስጥ ቆሞ ጦሳን አለማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ከተማው ያለ ግድግዳ የቀረ ይመስላል። ጓደኛዬ "ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነው" አለ።

አጎቱ ትናንት ማታ ደውለው ዕቃ አዘዋል። ስኳር፣ ላስቲክ፣ የካሮት ዘር። ስኳሩ ለቤት መስሎኝ ነበር፤ ለንቦቹ ነው። ላስቲኩ ለችግኙ። ገበያ ገብተን ገዛዛን፤ የካሮቱን ዘር የሸጠልን ልጅ "አሁን የት ልትዘሩት?" ብሎ ገረመው። ለመስከረም ነው አልነው።

ወደ ጉጉፍቱ የሚወጣው መኪና እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። መንገዱ ሽቅብ ነው። ባሕር ዛፉ እያነሰ፣ ሜዳው እየሰፋ፣ ነፋሱ እየከረረ ይሄዳል። ከመስኮቱ ውጪ ያለው አረንጓዴ በሙሉ ገብስ ነው። ስንዴ ደፍሮ የማይወጣበት ከፍታ ላይ ገብስ ይቆማል። ጉጉፍቱ ስንወርድ ጉሙ ሰውን ከአንገቱ በላይ ቆርጦታል። በርኖስ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ገሳ የደፉ እረኞች፣ የረጠበ በግ ሽታ።

ከዚያ በእግር ነው። ጓደኛዬ መንገዱን በጅብራዎቹ፣ በእነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ ነው የሚያውቀው፤ ከጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ጅብራ ብቅ ሲል "ልክ ነን" ይላል። ከመንገዱ ዳር ጦስኝ ቆረጠና እጄ ላይ አሸልኝ። ጣቴ እስከ ማታ ሸተተኝ።

ሰውየውን መንደሩ ሁሉ "አያ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የእኔን ቤተሰብ፣ የአገሩን ሰላም፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀው ሳይጨርሱ የቤቱ እመቤት እትዬ ከእሳቱ ዳር አስቀመጡን። የገብስ ቆሎ መጣ። ቀጥሎ ቡና፣ ጤና አዳም ተነክሮበት። አያ ላስቲኩን ገልጠው ውፍረቱን በጣታቸው ፈተኑና "ይኸ ይበጃል" አሉ። ስለ ሌላው ዕቃ አልጠየቁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦

"ደሴ ላይ ፀሐይ አይታችኋል?"

አላየንም አልኳቸው። እትዬ ሳቁና "ይኸን የሚጠይቀው የመጣውን ሁሉ ነው" አሉ።

ነሐሴ 12፣ ጓሮው

ጓሮው ከቤቱ ጀርባ ተዳፋት ላይ ነው። በድንጋይ ካብ በደረጃ በደረጃ ተሠርቷል። ከላይ ድንች፣ መሐል ነጭ ሽንኩርት፣ ታች ጎመን። ዳርና ዳሩን ጤና አዳምና አሪቲ። አንድ ጥግ ላይ ሁለት የፖም ዛፎች፣ አጠገባቸው የንብ ቀፎ። ከሁሉም በላይ አንድ ትልቅ ኮሶ ቆሟል፤ አያ ያ ዛፍ ከአባታቸው ይበልጣል ይላሉ።

ጠዋት የጀመርነው በዶማ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ አይለቅም። ክረምቱ እንደገባ አያ በየደረጃው ፈሰስ አውጥተዋል፤ ውሃው በአግድም ሄዶ ከጓሮው ውጪ እንዲወርድ። ችግሩ ፈሰሱ በየሌሊቱ ይደፈናል። ስለዚህ በየጠዋቱ ይከፈታል። እኔና ጓደኛዬ የድንቹን ስንከፍት አያ የነጭ ሽንኩርቱን ጨርሰው ቆመው ያዩናል። ነጭ ሽንኩርት እግሩ ውሃ ውስጥ ሁለት ቀን ካደረ ይበሰብሳል አሉኝ። አንዳንዱ ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አለ። ያንን እያዩ ዝም ብለው ያልፋሉ። "ፀሐይ ካየ ይተወዋል።"

ድንቹ ጋ ግን ዝም አላሉም። ቁጢጥ ብለው ቅጠል በቅጠል ይገለብጣሉ። ጠርዙ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነገር፣ ጀርባው ላይ ነጭ ሻጋታ። እዚህ አገር ምች መታው ይሉታል። በ1840ዎቹ የአየርላንድን ሕዝብ ለረሃብ የዳረገው የድንች በሽታ ይኸው ነው። ብርድና እርጥበት ሲገጥምለት አንድን ማሳ በሳምንት ውስጥ ያጠቁረዋል። የወሎ ደጋ ነሐሴ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል።

"ማንኮዜብ አይረጩም?" አልኳቸው፤ የሻጋታ በሽታ መከላከያውን ኬሚካል ማለቴ ነው።

"እረጫለሁ እንጂ። ጠዋት እረጨዋለሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል። ለማን ነው የምረጨው? ለወንዙ?"

ስለዚህ የሚተማመኑት በእጃቸው ነው። የታመመውን ቅጠል ለቅመው ከጓሮው አርቀው ይቀብራሉ። ግንዱን አፈር ያስታቅፉታል፤ ከቅጠሉ ታጥቦ የሚወርደው በሽታ ድንቹ ራሱ ጋ እንዳይደርስ። ቅጠሉ ከሞተ ግንዱን አጭደው ያነሱና ድንቹን ቶሎ አያወጡትም፤ ሁለት ሳምንት ያህል መሬት ውስጥ ትተው ልጣጩ ሲጠነክር ነው የሚቆፍሩት። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበት እያንዳንዱ ሳምንት ድንቹን ያሳድገዋል። አሁን እሳቸው የሚፈልጉት ያንን ነው፤ ቅጠሉን መስከረም ላይ ማድረስ።

ከሰዓት ዘነበ። ወደ ጎተራው አጠገብ ወዳለች ትንሽ ዳስ ገባን። የዳሷ ግድግዳ ክፍተት ያለው አጣና ነው፤ ብርሃን ይገባል፣ ፀሐይ አይመታም፣ ዝናብ አይገባም። ውስጧ በመደርደሪያ የተዘረጋ የዘር ድንች አለ። በበልግ የተመረተ ነው። ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ ቡቃያው ረጅም፣ ነጭ፣ በነካኩት ቁጥር የሚሰበር ይሆናል። ብርሃን ሲያገኝ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ይወጣል፤ እስከሚቀጥለው በልግ ይጠብቃል። አያ አንዷን አንስተው ሰጡኝ። ቡቃያዋ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው።

ብዙ ሰው ክረምት ለገበሬ የእረፍት ጊዜ ይመስለዋል። ከዛሬ ወዲህ እንዲህ ሲባል ከሰማሁ እከራከራለሁ።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አልተቻለም። አያ ፋኖስ ይዘው ወጡ፤ እኛም ተከተልን። ለችግኙ መደብ ትናንት የዘረጋነው ላስቲክ ይዟል። የታችኛው ጎመን ግን ተበሳስቷል። አያ ጎንበስ ብለው አዩትና "ልቡ ደህና ነው፤ ያቆጠቁጣል" አሉ። ተመልሰው ተኙ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ጅራፍ ሲጮህ ነው የነቃሁት። እነ አያ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖች። የጎረቤት ልጅ ሙልሙል ይዞ መጣ፤ እትዬ አዲስ ነጭ ሽንኩርት ከነቅጠሉ በመሶብ ክዳን አድርገው መለሱለት። ጾም ስለሆነ ለወጡ ይፈልጉታል አሉ። ማታ ችቦ ሲበራ የአያ የልጅ ልጆችም እዚያው ነበሩ፤ ከየትኛው ቤት እንደመጡ የጠየቀ የለም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ልዩ ነው ብሎ የሚያነሳው እንደኔ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ሲባል ነው ያደግሁት። ይህንን ለአያ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱ ለታች ሰው ነው። እዚህ ዶሮውም ይጮሃል፣ ሌሊቱም አለ።"

እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የወቅት አቆጣጠርም ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ነው። ቡሄ ላይ ገና ከወር በላይ ይቀረዋል።

ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል ዝናቡ ቆመ። አያ ቀፎው ጋ ጠሩኝ። ንቦቹ በር ላይ ወጥተው ይመለሳሉ። ብርድ ላይ ንብ አይበርም፤ ዝናብ ላይም አይበርም። ብትበርስ ምን ልትቀስም? አበባ የለም። ያከማቹትን ማር በልተው ሊጨርሱ ይችላሉ። ስለዚህ አያ ስኳሩን በውሃ በጥብጠው፣ በሶ በትንሽ ሳህን ጨምረው ያቀርቡላቸዋል። ሳህኑ ላይ ጭራሮ ይደረደራል፤ ንቦቹ ቆመውበት እንዲጠጡ፣ እንዳይሰምጡ። እያንዳንዷን ጭራሮ ሲያስተካክሉ ቆሜ አየሁ። አደይ አበባ ሲፈነዳ እነዚህ ንቦች ቤቱን በማር ይከፍሉታል፤ የሚቆረጠው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። እስከዚያ ግን በስኳርና በበሶ ማድረስ ያስፈልጋል።

"እኔና እነሱ አንድ ነን" አሉ አያ። "ሁላችንም በር ላይ ቆመን ነው የምናየው።"

ነሐሴ 14፣ ስለ ጥቅምት የተነገረኝ

ዛሬ የሰማሁት ነገር የመጣሁበትን ጥያቄ ለወጠው።

ፖሞቹ ጋ ቆመን ነው። አንደኛዋ አና ትባላለች፣ ሌላዋ ዶርሴት ጎልደን። ሁለቱም ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎች ናቸው፤ አንዷ ለሌላዋ የአበባ ዱቄት ስለምታቀብል አብረው ይተከላሉ። አና ከእስራኤል የወጣች ናት፣ ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ። ከእነዚህ አገሮች ተነስተው ወሎ ተራራ ላይ መገናኘታቸው ይገርመኛል። በረዷማ አገር ያለ ፖም ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን ራሱ ያራግፋል፣ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነቃል። እዚህ ግን ወቅቱ እንደዚያ አይለይለትም። ቅጠሉ ዛፉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ገበሬው ቅጠሉን በእጁ እየለቀመ ያራግፋል፤ ያኔ እንቡጡ ይነቃል። ጋሞ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ ውስጥ ፖም የሚያለሙ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አያ በየትኛው ሳምንት እንደሚያራግፉ በጣም ይጠነቀቃሉ። ከቸኮሉ አበባው ጉም ውስጥ ይፈነዳል፣ ንብ አይደርስለትም፣ ሳያፈራ ይረግፋል። ከዘገዩ ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል።

"ውርጭ?" አልኩ። እኔ የማስበው ጠላታቸው ክረምቱ ብቻ መሆኑን ነበር።

አያ እጃቸውን ወደ ጉሙ ዘረጉ። "ይኸ የምትጠላው ጉም የመሬቱ ጋቢ ነው። ሲነሳ ፀሐይ ይመጣል፤ ደስ ይለናል። ሌሊት ግን መሬቱ ራቁቱን ያድራል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማዩ ደመና ሲኖረው መሬት ቀን የያዘችው ሙቀት አያመልጥም። ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ሌሊቱን ወደ ላይ ይሄዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ለዚህ ነው ድንቹ ከላይ፣ ጎመኑ ከታች የተተከለው። ድንች አንድ የውርጭ ሌሊት ይበቃዋል። ጎመን ግን ይችለዋል፤ እንዲያውም ይጣፍጣል። እኔ የጓሮው ደረጃ ለውሃ ብቻ የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለውርጭም ነው።

ስለዚህ አያ የሚናፍቁት መስከረም ጠባብ ነው። ጉሙ ከሚነሳበት እስከ ጥቅምት ውርጭ ያለው ጊዜ። በዚያ መሐል ድንቹ መድረስ አለበት፣ ችግኙ መተከል አለበት፣ ካሮቱ መውጣት አለበት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተነቅሎ መድረቅ አለበት፣ ንቡ አበባ ማግኘት አለበት። መስከረምን የሚጠብቁት እንደ በዓል አይደለም። ነሐሴ ላይ ፈሰስ የሚከፍቱት፣ ችግኝ በላስቲክ የሚያሳድጉት፣ ንብ በስኳር የሚያቆዩት ያቺ ጥቂት ፀሐይ ስትመጣ አንድም ቀን እንዳይባክን ነው።

ማታ እሳት ዳር ወሬው ወደ በልግ ሄደ። የወሎ ደጋ ሰው ስለ ዝናብ ሲያወራ ወደ በልግ መሄዱ አይቀርም። እዚህ ከፍታ ላይ ብዙ ገብስ የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው፤ ክረምቱ ለአንዳንዱ ማሳ በጣም ይበርደዋል፣ ውሃም ይበዛበታል። በልጉ ከቀረ ግማሽ ዓመት ቀረ ማለት ነው። እትዬ ስለ 77 ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በ76 በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ጎደለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተረኩም። እኔም አልጠየቅሁም። አያ ብቻ "ዝናብ በዛ ብዬ አማርሬ አላውቅም" አሉ። "ጉሙን እሰለቸዋለሁ እንጂ ዝናቡን አላማርረውም።"

ይህ ቃል ከዚህ ጉዞ ሁሉ በላይ አብሮኝ ይቆያል። የፀሐይ ናፍቆትና የዝናብ ምስጋና በአንድ ሰው ውስጥ ያለ ጠብ ሲኖሩ አየሁ።

ነሐሴ 15፣ ወደ ታች

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ፈሰሱን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትንላቸው። እትዬ በሶና ጦስኝ ቋጠሩልን። አያ እስከ ጅብራው ድረስ ሸኙን፤ ከዚያ በላይ እንዳይመጡ ለመንናቸው። መርቀው ለቀቁን።

ጉጉፍቱ ላይ መኪና ቶሎ አገኘን። ደሴ እየዘነበች ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይ ነበረች፤ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ አጎቱ ጋ ደወለ። "አያ፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው።" የአያን መልስ ከጎኑ ሆኜ ሰማሁት፦ "ላካት!"

ጳጉሜ 4፣ ስልክ

በትናንቱ በሩፋኤል ቀን አዲስ አበባ ዝናብ ነበረ፤ የሰፈር ልጆች እየጮኹ ሲታጠቡ ዋሉ። አያን ለመጠየቅ ዛሬ ደወልኩ።

ከድንቹ አንዱ ደረጃ በምች ሄዷል። ግንዱን አጭደውታል፤ ፍሬው መሬት ውስጥ ነው፣ ገና አላወጡትም። የቀረው ደረጃ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። በረዶ የበሳሳው ጎመን አቆጥቁጧል። ንቦቹ አሉ፤ ስኳሩ አልቋል። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ጉሙ ተነስቶ ኮሶውን ከሥሩ እስከ ጫፉ አይተውታል። ትናንትም እንደዚያው።

ካሮቱን ዘሩት ወይ አልኳቸው። ዛሬ ጠዋት መደቡን አዘጋጅተው ግማሹን ዘርተዋል። በአየር ትንበያው ጥቅምት ላይ ውርጩ መቼ ይገባል እንደሚባል እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። እሺ አልኩ። ሌላም ልጠይቃቸው ስል አቋረጡኝ።

"ልጄ፣ አሁን ፀሐይ አለ። ማታ ደውልልኝ።"